የውጭ ቋንቋ ያጠና ልጅ የት ይደርሳል?

ደብረ ማርቆስ፦ በየዓመቱ የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የትምህርት ክፍል ምደባቸውን የሚያውቁበት ሰሞን አለ። በዚያ ሰሞን ወደ ጎዛምን፣ ወደ አነደድ፣ ወደ ማቻከልና ወደ ስናን ገጠር ቀበሌዎች ስልክ ይደወላል። ሕግ ወይም ሒሳብ አያያዝ የደረሰው ልጅ ወሬውን ፈጥኖ ይናገራል። የውጭ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የደረሰው ግን ስለ ጤና፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ጠይቆ ከጨረሰ በኋላ ነው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገረው። በሬ ሸጦ ልጁን የላከ አባትም ከስልኩ ማዶ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «እሱን ተምረህ ምን ልትሆን ነው?»

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። መሬቱ ተከፋፍሎ ለልጅ የሚተርፍ ማሳ ባጣ ቤተሰብ ዘንድ ትምህርት ማለት የመሬት ምትክ ነው፤ ምን ያህል እንደሚያበቅል ቢጠየቅ አያስገርምም። እንዲያውም የሚያሳዝነው ጥያቄው ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ መልስ ሳያገኝ መቅረቱ ነው። ተማሪውም፣ አንዳንዴ አስተማሪውም፣ ከመምህርነት ሌላ የሚጠሩት ነገር ያጣሉ።

የቆሎ ተማሪውም የቋንቋ ተማሪ ነበር

የጎጃም ደጋ ለቋንቋ ተማሪ እንግዳ ሆኖ አያውቅም። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅና ደብረ ኤልያስ ለዘመናት ሲያስተምሩ የኖሩት ከሁሉ አስቀድሞ ቋንቋ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ የሚለምነው የቆሎ ተማሪ የሚያጠናው እናቱ ቤት የማይነገረውን ግእዝ ነበር። ግስ ያጠናል፣ አገባብ ይቀጽላል፣ ቅኔ ይቆጥራል። ዓመታት ይፈጅበታል። እንዲያም ሆኖ ወደፊት ምን እንደሚሆን የሚጨነቅለት አልነበረም፤ ቦታው የታወቀ ነበርና። መሪጌታ ይሆናል፣ ጉባኤ ዘርግቶ ያስተምራል፣ የደብር ወይም የመኳንንት ጸሐፊ ይሆናል።

የዛሬው የውጭ ቋንቋ ተማሪ ችግር፣ ቋንቋው ሥራ የሌለው መሆኑ አይደለም። ቦታው በስሙ ተለይቶ ያልተቀመጠለት መሆኑ ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከመምህርነት ውጭ የቋንቋ ምሩቅ እንደሚፈለግ የሚገልጽ ጽሑፍ እምብዛም አይታይም። ሥራው ግን በሌላ ስም ተጽፎ ይገኛል፦ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ፣ የፕሮጀክት ሪፖርት አዘጋጅ፣ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ፣ የበረራ አስተናጋጅ፣ አስጎብኚ፣ ወደ ውጭ የሚላክ ምርት ሰነድ አዘጋጅ። ተመራቂው የራሱን ስም ብቻ እየፈለገ በሰሌዳው ፊት ቢያልፍ ሥራው አጠገቡ ሆኖ ሳያየው ይቀራል።

አንድ ግሥ ያስከተለው

የቋንቋ ሰው ሥራ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለመረዳት ከውጫሌ ውል የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ይህ ውል በአማርኛና በጣሊያንኛ ተጻፈ። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት አጋዥነት መጠቀም «ይቻላቸዋል» የሚል ነበር። ጣሊያንኛው ግን ፈቃዱን ወደ ግዴታ ለወጠው። ጣሊያንም በዚያው መነሻነት ኢትዮጵያ በእርሷ ጥበቃ ሥር የምትገኝ አገር እንደሆነች ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን እንደማይቀበሉት አሳወቁ፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በደም ተፈታ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከዚሁ ከጎጃም ሠራዊታቸውን ይዘው ከዘመቱት አንዱ ነበሩ።

እርግጥ ጦርነቱን ያመጣው አንድ ግሥ ብቻ ነው ማለት ታሪክን ማሳጠር ይሆናል፤ ጣሊያን መሬት መፈለጓ ከውሉ በፊትም የታወቀ ነበር። ነገር ግን በሁለቱም ቋንቋ ውሉን አንብቦ ልዩነቱን ከመፈረሙ በፊት የሚያሳይ ታማኝ ሰው ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ቤተ መንግሥቱ ተምሮበታል። በ1900ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሚሰጣቸው ዋና ዋና ትምህርቶች መካከል ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛና ዐረብኛ ይገኙበት ነበር። በመንግሥት የተከፈተ ዘመናዊ ትምህርት በአገራችን የተጀመረው የውጭ ቋንቋ በማስተማር ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ አካባቢ ለተነሣ ሰው ደግሞ ምሳሌው ቅርብ ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቀው እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። ቅኔውን በጎጃም አድባራት ተምረው፣ ዘመናዊውን ትምህርት በአዲስ አበባ ቀጠሉ። በፋሽስት ወረራ ጊዜ ተማርከው ወደ ጣሊያን ተወሰዱ። ከነጻነት በኋላ በኢየሩሳሌም፣ በዋሽንግተን፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅትና በለንደን አገራቸውን ወክለው ሠሩ፤ የትምህርት ሚኒስትርም ሆኑ። ሕዝቡ የሚያስታውሳቸው ግን በ1958 ዓ.ም. በታተመውና ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ በተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በባዕድ ቋንቋ ሲደራደሩ የኖሩት ሰው አማርኛቸው እንዳልሳሳ ልብ ይሏል። ወደዚህ ጉዳይ እንመለስበታለን።

ሰፊው በር መምህርነት ነው

በአማራ ክልል እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ሌሎቹ ትምህርቶች የሚሰጡበት ቋንቋ ይሆናል። ስለዚህ በየትኛውም ወረዳ፣ በየትኛውም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር የግድ ነው። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ለመሆን ከቋንቋ ዕውቀቱ ሌላ የማስተማር ሙያ ሥልጠና ይጠየቃል፤ በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ብቻ የተመረቀ ሰው ይህን ቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው፤ ብዙዎች የሚሰሙት ከተመረቁ በኋላ ነውና።

የመምህር ደመወዝ ከኑሮው ጋር እኩል እንደማይራመድ ማንም ያውቃል። ይሁንና ይህ ሥራ ለገበሬው ልጅ ምን እንደሆነ ለማየት የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ማስታወስ ይበቃል። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በተሰጠበት በዚያ ዙር፣ ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። መንስኤው ቋንቋ ብቻ ነው ለማለት አይቻልም። ግን የባዮሎጂውም የጂኦግራፊውም ጥያቄ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጥያቄው ምን እንደሚል ያልገባው ልጅ መልሱን ቢያውቀውም አይጠቅመውም። ስለ ፎቶሲንተሲስ በአማርኛ ቢጠየቅ ከማሳው ምሳሌ እያመጣ የሚያስረዳ ልጅ፣ በወረቀት ላይ ዝም ይላል።

በጽሑፍና በቃል

ብዙ ሰው «ተርጓሚ» እና «አስተርጓሚ» የሚሉትን ቃላት እንደ አንድ ይወስዳቸዋል። ተርጓሚ በጽሑፍ ያለውን ወደ ሌላ ቋንቋ በጽሑፍ ይመልሳል፤ መዝገበ ቃላት ለማየት፣ ለማሰብና ለማረም ጊዜ አለው። አስተርጓሚ ግን በቃል የተነገረውን በዚያው ቅጽበት በቃል ይመልሳል። በትልልቅ ጉባኤዎች አስተርጓሚዎች በጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ፤ ሥራው አእምሮን እጅግ ስለሚያደክም በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ ይፈራረቃሉ። አንዱን መቻል ሌላውን መቻል አይደለም።

አዲስ አበባ ለዚህ ሥራ ከአፍሪካ ከተሞች ሁሉ የተለየች ናት። እ.ኤ.አ. በ1958 የተመሠረተው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ናት። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ወራሽ የሆነው የአፍሪካ ኅብረትም እዚያው ነው፤ ኅብረቱ ዐረብኛን፣ እንግሊዝኛን፣ ፈረንሳይኛን፣ ፖርቱጋልኛን፣ ስፓኒሽንና ስዋሂሊን ይጠቀማል። ነገር ግን እዚህ ላይ ተስፋን ከልክ በላይ ማናር አይገባም። እንዲህ ያለው መሥሪያ ቤት አንድ የውጭ ቋንቋ ብቻ የሚያውቅን ሰው አይቀጥርም። እንግሊዝኛ የጋራ መነሻ እንጂ መለያ አይሆንም፤ መለያው በላዩ ላይ የሚጨመረው ፈረንሳይኛ ወይም ዐረብኛ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተርጓሚዎቹን የሚመለምለው በውድድር ፈተና ነው። የጉባኤ አስተርጓሚነትን በሁለተኛ ዲግሪ ከሚያስተምሩት የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በቅርብ የሚገኘው የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ነው። መንገዱ አለ፤ ረጅም ነው።

አጠር ያለውና ብዙ ሰው የማያየው መንገድ ፍርድ ቤት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7፣ ተከሳሽ የፍርድ ሂደቱ በማይገባው ቋንቋ በሚካሄድበት ጊዜ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ከዚህ ሌላ በትልልቅ ከተሞች የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ውክልናና ውል የሚተረጉሙ ቤቶች በንግድ ፈቃድ ይሠራሉ። ልጁ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል ያገኘ፣ ዘመዱ ቪዛ የጠየቀ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ደጃቸውን ይረግጣል።

ቻይንኛና ዐረብኛ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመጣ ሰው ጎሐ ጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ የሚሻገረው አዲሱ ድልድይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ባቡር የተሠራው በቻይና ኩባንያዎች ሲሆን፣ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ከጀመረ በኋላም ለዓመታት በቻይና ባለሙያዎች ሲመራ ቆይቶ ነው ለኢትዮጵያውያንና ለጅቡቲያውያን የተላለፈው። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ በመሐንዲሱና በአገሬው ሠራተኛ መካከል ቆሞ የሚያግባባ ሰው ሁልጊዜ ያስፈልጋል። ቻይንኛ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ወጣት በግንባታም በፋብሪካም የሚፈለገው ለዚህ ነው።

እነዚህን ቋንቋዎች የት መማር ይቻላል ለሚለው መልሱ በአመዛኙ አዲስ አበባ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኮንፊሺየስ ተቋም ቻይንኛ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1907 የተመሠረተው የኢትዮ ፈረንሳይ አሊያንስ ፈረንሳይኛ፣ በ1962 የተከፈተው የጎተ ተቋም ደግሞ ጀርመንኛ ያስተምራሉ። ከደብረ ማርቆስ ለሚነሣ ተማሪ ሁሉም ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ፤ የቤት ኪራዩን መቁጠር የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በስልክና በኢንተርኔት የሚሰጡ ትምህርቶች ክፍተቱን በጥቂቱ ይሞላሉ፤ መብራትና ኔትወርክ ሲኖር ማለት ነው።

ዐረብኛን በተመለከተ ግን ጉዳዩ ከተመራቂው ይልቅ የሚነካው ብዙ ቤተሰብን ነው። ከየወረዳው ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና ወደ ሌሎች የዐረብ አገሮች የሚሄዱ ልጃገረዶች የሚፈርሙት ውል ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው በማያነቡት ቋንቋ ነው። የዕረፍት ቀኗን፣ ደመወዟ የሚከፈልበትን ጊዜ፣ ፓስፖርቷ በማን እጅ እንደሚቆይ የሚናገረውን ወረቀት ሳታነብ የምትሄድ ልጅ አለች። በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል በሚካሄደው ሕጋዊ ጉዞም ቢሆን፣ ውሉን በአማርኛ የሚያስረዳና የሥራ ዐረብኛ የሚያስተምር ሰው ቦታው ሰፊ ነው። በየቀበሌው ወሬ የሚያቀብለው ደላላ ይህን ቦታ ለብቻው እንዲይዘው ሊተውለት አይገባም።

ጮቄን ማን ያስጎብኘው?

ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደርን ከዓመቱ ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መረጠ። ጮቄ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ የበርካታ የዓባይ ገባሮች ምንጭ የሆነ ተራራ ነው። ጅብራውን፣ የገብሱን እርከን፣ የምንጩን ታሪክ በእንግሊዝኛ ወይም በጀርመንኛ የሚያስረዳ የአካባቢው ተወላጅ ቢኖር ከጎብኚው የሚገኘው ገንዘብ በአካባቢው ይቀራል። በክልሉ ያለው የጸጥታ ችግር ጎብኚውን አርቆታል፤ ሰላሙ ሲመለስ ግን አስጎብኚነት በአንድ ቀን የሚለመድ ሙያ ስላልሆነ፣ ዝግጅቱ ከጎብኚው መቅደም ይኖርበታል።

ከጠርሙሱ ላይ የተጻፈው

ይህን ጽሑፍ የሚያዘጋጀው ሰው የተማረው ግብርና ነው፤ ስለ ቋንቋ ለመጻፍ ያነሣሣውም አንድ የኬሚካል ጠርሙስ ነው። በኮሌጅ ሳለን ለተግባር ልምምድ ወደ ገጠር ወጥተን ነበር። አንድ አባት የፀረ አረም ጠርሙስ አምጥተው ላዩ ላይ የተጻፈውን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነበር። እንደ ውኃ አነበብኩት። «እሺ፣ ምን ይላል?» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት፤ ቃላቱን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፣ በአማርኛ ልናገራቸው ግን አልቻልኩም። ትምህርቱን ሁሉ የተማርኩት በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ዕውቀቱ በውስጤ የተቀመጠው እርሳቸው በማይሰሙት ቋንቋ ነበር። የሆነ ነገር ተንተባትቤ ተለያየን።

ቱ ፎር ዲ የሚባለውን የታወቀ ፀረ አረም እንውሰድ። ጤፍና ስንዴ ውስጥ ይረጫል፤ የሚያጠፋው ግን ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ነው። ተርጓሚው «ሰፋፊ ቅጠል» የሚለውን ትቶ «አረም ያጠፋል» ብሎ ቢያሳጥረው ዓረፍተ ነገሩ አማርኛ ይሆናል፤ ስሕተቱም አይታይም። ገበሬው ግን ያንኑ ወስዶ ባቄላው ላይ ቢረጨው ባቄላው ራሱ ባለ ሰፊ ቅጠል ነውና ከአረሙ ጋር አብሮ ይሞታል። የዓመት ልፋት በሁለት ቃላት መጉደል ይጠፋል።

መጠኑም እንዲሁ ነው። ጠርሙሱ ላይ አንድ ሊትር ለአንድ ሄክታር ተብሎ ቢጻፍ፣ የእኛ አካባቢ ገበሬ መሬቱን የሚቆጥረው በቃዳ ነው፤ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ነውና ለአንድ ቃዳ የሚደርሰው ሩብ ሊትር ይሆናል። ጥሩ ተርጓሚ ይህን ሒሳብ ሠርቶ ያስቀምጣል። «ከተረጨ በኋላ ምርቱ እስኪሰበሰብ መቆየት ያለበት ቀን» የሚለውን መመሪያም አይዘልልም፤ የዚያን ቀን ቁጥር ያላወቀች እናት ትናንት የተረጨ ጎመን ዛሬ ለልጆቿ ትቀቅላለችና። እዚህ ላይ ቋንቋ ብቻ ያጠና ሰው ይቸገራል፣ ግብርና ብቻ ያጠናም እንደ እኔ ይንተባተባል። ሁለቱ አንድ ላይ ተቀምጠው መሥራት አለባቸው፤ ወይም አንድ ሰው ሁለቱን መያዝ አለበት።

ሥራው ከጠርሙሱ ያልፋል። የእርሻ መሣሪያ ሲገዛ አብሮ የሚመጣው መመሪያ፣ በቡሬ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክና በየፋብሪካው የሚተከለው ማሽን አጠቃቀም፣ የአሲዳማ አፈርና የኖራ ጥናቶች፣ ከምርምር ማዕከላት የሚወጡ የዘር መረጃዎች በአብዛኛው የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ሜጫ ላይ በቆጋ መስኖ የሚለማው አቮካዶ ለአውሮፓ ገበያ ሲቀርብ ደግሞ መንገዱ ይገለበጣል፤ ገዢው ግሎባል ጋፕን የመሰለ የጥራት ምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ ዛፉ ላይ ምን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደተረጨ የሚያሳይ መዝገብ ይፈልጋል። ገበሬው በአማርኛ የነገረውን በእንግሊዝኛ በትክክል መዝግቦ የሚያቀርብ ሰው ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ እንደ ሚዛን ሠራተኛው ሁሉ አስፈላጊ ነው። ማኅበራቱ ግን እስካሁን ይህን ሰው በመደባቸው ውስጥ አልጻፉትም።

አማርኛውስ?

የውጭ ቋንቋ ተማሪዎች የሚዘነጉት ነገር ቢኖር አብዛኛው የትርጉም ሥራ ወደ አማርኛ መሆኑን ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር የቱርክና የሌሎች አገሮች ድራማዎችን በአማርኛ አስናግሮ አቀረበ፤ በከተማው ቤት ሁሉ የታዩት እነዚያ ድራማዎች ተርጓሚም የድምፅ ተዋናይም ይሻሉ። የቢቢሲ አማርኛ ክፍል በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። የኢትዮጵያ ዜና አገልግሎትም ከአገር ቋንቋዎች ሌላ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በዐረብኛ ዜና ያቀርባል። የመጻሕፍት ትርጉም እንጀራው ቀጭን ነው፤ ግን ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሳለ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ የተረጎመው «ነገም ሌላ ቀን ነው» ትርጉም ምን ያህል ሊወደድ እንደሚችል ያሳያል።

በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ የሚፈተነው እንግሊዝኛው ብቻ አይደለም። የጎጃም ልጅ ከቤቱ ይዞት የሚወጣው አማርኛ፣ የአያቱ ተረት፣ የእርሻው ቃል፣ የሽምግልናው አነጋገር ሀብት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ሀብት ለንደን ድረስ ይዘውት ሄደው አልጣሉትም። ዛሬ አንዳንድ ተማሪ ግቢ ሲገባ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ቃላት መቀላቀልን እንደ ዕውቀት ይቆጥረዋል፤ ለአሠሪው ግን ይህ ጉድለት ነው።

ስልኩ ይተካው ይሆን?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሚነሣ ሌላ ሥጋት አለ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 አማርኛን በትርጉም አገልግሎቱ ውስጥ አካትቷል፤ ዛሬ ስልክ የያዘ ሰው የጠርሙሱን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ በአማርኛ ማንበብ ይችላል። ታዲያ ተርጓሚ ለምን ያስፈልጋል? ቀላሉን ሥራ፣ ማለትም ደብዳቤና አጭር መልእክት መተርጎምን፣ ማሽኑ ወስዶታል፤ መልሶም አይሰጠውም። ነገር ግን ማሽኑ ተሳስቶም በሙሉ ልብ ይናገራል፤ ማረጋገጥ ለማይችል ሰው ትክክሉና ስሕተቱ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ስለዚህ የተርጓሚው ሥራ ከመጻፍ ወደ ማረምና ኃላፊነት ወደ መውሰድ እየተሻገረ ነው። ውል፣ የሐኪም ማዘዣና የመርዝ ጠርሙስ ላይ ስሙን የሚያስቀምጥ ሰው አሁንም ይፈለጋል።

በ1999 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል በጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ግቢ የውጭ ቋንቋ የደረሰው ተማሪ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለውን የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ግን ከሌላ ትምህርት ክፍል አንድ ነገር መያዝ ይችላል፤ የሒሳብ አያያዝ መሠረት፣ የሕግ ቃላት፣ የጤና ወይም የግብርና ዕውቀት። ለምን ቢባል፣ ቋንቋ ሁልጊዜ ስለ አንድ ነገር የሚነገር ነው፤ ነገሩን የማያውቅ ቃሉን አያገኘውም።

ለልምምድ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ተማሪው ለክረምት ወደ ቤቱ የሚመለሰው ጤፉ ለአረም በሚደርስበት ወቅት ነው። ከጎረቤት ያለውን ጠርሙስ ተቀብሎ፣ ከግብርና ባለሙያው ጋር ሆኖ፣ የሚረጭበትን ሰብል፣ ለአንድ ቃዳ የሚሆነውን መጠንና እስከ አጨዳ የሚቆይበትን ቀን በአማርኛ ጽፎ ይለጥፍበት። ከጽሑፉ ሥር ያለውን ባለ ቀለም መስመርም ይንገራቸው፦ ቀይ እጅግ መርዛማ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ሰማያዊ አነስተኛ መርዛማነት ያለው መሆኑን ያመለክታል፤ አረንጓዴው በተለመደው አጠቃቀም ጉዳት የማድረስ ዕድሉ ዝቅተኛ የሆነውን ነው። አረንጓዴም ቢሆን ጠርሙሱ ውኃ አይቀዳበትም።